የአርጎን አቶሞችን በሐዋሳ መቁጠር፦ ከፔሪዮዲክ ሰንጠረዥ እስከ ብየዳ ሲሊንደር

ይህ መመሪያ ለሁለተኛ ደረጃ የኬሚስትሪ ተማሪዎች፣ ለመምህራንና በሥራቸው አርጎን ለሚጠቀሙ የብየዳ ባለሙያዎች የተዘጋጀ ነው። አንድን ኖብል ጋዝ (ከሌላ ንጥረ ነገር ጋር በቀላሉ የማይዋሐድ ጋዝ) ከግራም ወደ ሞል፣ ከሞል ወደ አቶም፣ ከዚያም ወደ ይዘት እንዴት መለወጥ እንደሚቻል ደረጃ በደረጃ ያሳያል። በምሳሌነት በአብዛኛው የሚያገለግለው አርጎን ነው፤ በተፈጥሮ ከሚገኙት ስድስት ኖብል ጋዞች ውስጥ በምንተነፍሰው አየር በብዛት ያለው እርሱ ሲሆን፣ የደረቅ አየር 0.934 በመቶ ይዘት አርጎን ነው።

ስሌቱ በሐዋሳ የተሠራበትም ምክንያት አለ። «አንድ ሞል ጋዝ 22.4 ሊትር ይይዛል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ የሚጠናው ከሁኔታዎቹ ተነጥሎ ነው። ቁጥሩ ትክክል የሚሆነው በዜሮ ዲግሪ ሴልሺየስና በባሕር ጠለል ግፊት ብቻ ስለሆነ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኝ ሞቃት ከተማ ውስጥ እንዳለ የሚጠቀምበት ሰው መልሱን በአንድ ሦስተኛ ያህል ያዛባል። አዳማም በከፍታ ለሐዋሳ ቅርብ ስለሆነች ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች በመጠኑ ተስተካክለው እዚያም ይሠራሉ።

ለሥራው የሚያስፈልጉት ፔሪዮዲክ ሰንጠረዥ፣ ሳይንሳዊ ካልኩሌተር፣ ቴርሞሜትርና የርዝመት መለኪያ ሜትር ናቸው።

አንደኛ እርምጃ፦ አቶሙን ከሰንጠረዡ ማንበብ

በፔሪዮዲክ ሰንጠረዡ የቀኝ ጠርዝ ላይ ያለውን 18ኛውን ቡድን ያግኙ። ከላይ ወደ ታች ሂሊየም፣ ኒዮን፣ አርጎን፣ ክሪፕተን፣ ዜነንና ራዶን ተደርድረዋል፤ አቶማዊ ቁጥሮቻቸውም በቅደም ተከተል 2፣ 10፣ 18፣ 36፣ 54 እና 86 ናቸው። አቶማዊ ቁጥር በኒውክለሱ ውስጥ ያሉትን ፕሮቶኖች ብዛት ይነግረናል፤ አቶሙ ገለልተኛ እስከሆነ ድረስ የኤሌክትሮኖቹም ብዛት ያው ነው። የአርጎን 18 ኤሌክትሮኖች 2፣ 8፣ 8 ሆነው በሦስት ቅርፊቶች ይደረደራሉ።

ቀጥሎ አቶማዊ መጠነ ቁሱን ይጻፉ፦ ሂሊየም 4.003፣ ኒዮን 20.18፣ አርጎን 39.95፣ ክሪፕተን 83.80፣ ዜነን 131.29። እዚህ ላይ በፈተና ወረቀቶች ላይ ደጋግሞ የሚታይ ስሕተት አለ፤ ተማሪው በችኮላ 18ን እንደ አርጎን መጠነ ቁስ ይወስዳል። ለስሌቱ የሚያገለግለው ትልቁ ቁጥር ነው።

39.95 ሙሉ ቁጥር ያልሆነው የአርጎን አይሶቶፖች፣ ማለትም በኒውትሮን ብዛት ብቻ የሚለያዩ አቶሞቹ፣ አማካይ ስለሆነ ነው። በተፈጥሮ ሦስት ዓይነት የተረጋጉ የአርጎን አቶሞች ሲኖሩ፣ እነርሱም አርጎን 36፣ አርጎን 38 እና አርጎን 40 ናቸው፤ ከመቶው ከ99 የሚበልጠው 22 ኒውትሮኖችን የያዘው አርጎን 40 ነው። በሰንጠረዡ ላይ ከአርጎን ቀጥሎ የሚመጣው ፖታሲየም አቶማዊ ቁጥሩ 19 ሆኖ ሳለ መጠነ ቁሱ 39.10፣ ማለትም ከአርጎን ያነሰ መሆኑን ልብ ይበሉ። ቅደም ተከተሉ የተዛባ የሚመስለው በከባዱ አርጎን 40 ብዛት ሲሆን፣ ያ ሁሉ አርጎን 40 ከየት እንደመጣ በመጨረሻው ክፍል እናየዋለን።

ሁለተኛ እርምጃ፦ ከግራም ወደ ሞል፣ ከሞል ወደ አቶም

የጤፍ ነጋዴ ፍሬ አይቆጥርም፤ ይመዝናል። ኬሚስትሪም እንዲሁ ያደርጋል፣ ልዩነቱ ኬሚስቱ ሚዛኑ ካነበበው ግራም ተነሥቶ የፍሬውን ብዛት ማወቅ መቻሉ ነው። ለዚህ የሚያገለግለው የብዛት መለኪያ ሞል ይባላል። አንድ ሞል 6.02214076 × 10²³ ቅንጣቶች ማለት ነው። ይህ የአቮጋድሮ ቁጥር ቀድሞ ከ12 ግራም ካርቦን 12 በመነሣት በልኬት የሚገኝ ነበር፤ ከሜይ 20 ቀን 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን በዓለም አቀፍ ስምምነት የማይለወጥ ቁጥር ሆኖ ተወስኗል። ለተራ ስሌት 6.022 × 10²³ ይበቃል።

የሞልን ብዛት ለማግኘት ግራሙን ለአቶማዊ መጠነ ቁሱ ያካፍሉ። የአቶሞችን ብዛት ለማግኘት ደግሞ የሞሉን ብዛት በአቮጋድሮ ቁጥር ያባዙ። መቶ ግራም አርጎን ቢኖርዎት፣ 100 ÷ 39.95 = 2.503 ሞል ይሆናል፤ 2.503 × 6.022 × 10²³ ደግሞ 1.507 × 10²⁴ አቶሞችን ይሰጣል። ያንኑ መቶ ግራም በሂሊየም ቢተኩት 24.98 ሞል፣ በዜነን ቢተኩት 0.762 ሞል ብቻ ያገኛሉ። ክብደታቸው እኩል ሲሆን የሂሊየሙ አቶሞች ከዜነኑ 33 እጥፍ ገደማ ይበልጣሉ፤ ስለዚህ «እኩል ግራም» ሲባል «እኩል ብዛት» ብሎ መረዳት አይገባም።

በኖብል ጋዞች ይህ ስሌት ቀላል የሚሆነው አቶሞቻቸው ለየብቻ ስለሚኖሩ ነው። አንድ ሞል የአርጎን ጋዝ አንድ ሞል የአርጎን አቶሞች አሉት። ናይትሮጅንና ኦክስጅን ግን ጥንድ ጥንድ ሆነው በሞለኪውል መልክ ስለሚገኙ፣ አንድ ሞል የናይትሮጅን ጋዝ የሚመዝነው 28.01 ግራም ሲሆን በውስጡ ያሉት አቶሞች ሁለት ሞል ናቸው። ሞል ሲጻፍ የምን ሞል እንደሆነ አብሮ መጻፍ ከብዙ ግራ መጋባት ያድናል።

ሦስተኛ እርምጃ፦ የአካባቢውን ግፊት ማግኘት

አብዛኞቹ መመሪያዎች ይህን እርምጃ ይዘሉታል፤ በእኔ አስተያየት ግን ለደጋና ለወይና ደጋ አገር ከሁሉ ይልቅ ጠንቀቅ ብሎ መሥራት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። የአየር ግፊት ከላያችን ያለው አየር ክብደት ውጤት ስለሆነ፣ ወደ ላይ በወጣን መጠን ይቀንሳል። ባሮሜትር ካለ ቀጥታ ያንብቡት። ከሌለ ከፍታውን በመጠቀም በሚከተለው መንገድ ያስሉ፤ ከፍታውን በሜትር ወስደው በ0.0000226 ያባዙ፣ ውጤቱን ከ1 ይቀንሱ፣ የቀረውን ወደ 5.26 ኃይል ያንሡ፣ በመጨረሻም በ101.325 ያባዙ። ለ1,700 ሜትር 0.0384 ተቀንሶ 0.9616 ይቀራል፤ እርሱም ወደ 5.26 ኃይል ሲነሣ 0.814 ይሆናል፤ መልሱ 82.5 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው።

በስልክ የአየር ሁኔታ መተግበሪያ ላይ የሚታየውን ግፊት ለዚህ ሥራ አይጠቀሙበት። መተግበሪያው ለሐዋሳ 1,015 ሄክቶ ፓስካል የሚመስል ቁጥር ሊያሳይ ይችላል፤ ይህም 101.5 ኪሎ ፓስካል ማለት ነው። የሜትሮሎጂ ባለሙያዎች በተለያየ ከፍታ ያሉ ጣቢያዎችን ለማነጻጸር እንዲመቻቸው ግፊቱን ወደ ባሕር ጠለል አስተካክለው ስለሚያቀርቡት፣ ቁጥሩ በክፍልዎ ውስጥ ያለውን እውነተኛ ግፊት አይገልጽም። የግፊት መለኪያ ያላቸው ስልኮች በራሳቸው መለኪያ የሚያነቡት ቁጥር ግን የቦታው ነው። ቀላል ማረጋገጫ ከፈለጉ ውኃ አፍልተው ሙቀቱን ይለኩ፤ በዚህ ግፊት ንጹሕ ውኃ የሚፈላው 94 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ላይ ነው።

አራተኛ እርምጃ፦ የአንድ ሞል ይዘት

የሐሳባዊ ጋዝ ሕግ እንዲህ ይላል፦ ግፊት × ይዘት = የሞል ብዛት × የጋዝ ቋሚ × መጠነ ሙቀት። ግፊቱ በኪሎ ፓስካል፣ ይዘቱ በሊትር፣ መጠነ ሙቀቱ በኬልቪን ከሆነ የጋዝ ቋሚው 8.314 ነው። ሴልሺየስን ወደ ኬልቪን ለመለወጥ 273.15 ይደምሩ። ይህን መርሳት ስሌቱን ጨርሶ ያበላሸዋል።

ክፍሉ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሆን 298.15 ኬልቪን ነው። 8.314 × 298.15 = 2,479 ይሆናል፤ ለ82.5 ሲካፈል 30.05 ሊትር ይሰጣል። እንግዲህ በሐዋሳ፣ በ25 ዲግሪ፣ አንድ ሞል ጋዝ 30 ሊትር ያህል ይይዛል። ያንኑ ስሌት በ273.15 ኬልቪንና በ101.325 ኪሎ ፓስካል ቢሠሩት 22.41 ሊትር ያገኛሉ፤ የታወቀው ቁጥር የሚመጣው ከዚህ ነው። ሠላሳ ሊትር አርጎን በዕቃ ይዞ በ22.4 የሚያካፍል ተማሪ 1.34 ሞል አለኝ ይላል፤ በእጁ ያለው ግን አንድ ሞል ነው። ለመለማመድ ስሌቱን 2,350 ሜትር ከፍታ ለሚሆን የአዲስ አበባ ሠፈር ይድገሙት፤ በ25 ዲግሪ 32.6 ሊትር ካልደረሱ የኃይሉን ስሌት እንደገና ይዩት።

አምስተኛ እርምጃ፦ የመማሪያ ክፍሉን አርጎን ማስላት

ርዝመቱ 8 ሜትር፣ ስፋቱ 7 ሜትር፣ ቁመቱ 3 ሜትር የሆነ ክፍል እንውሰድ። ይዘቱ 168 ሜትር ኪዩብ፣ ማለትም 168,000 ሊትር ነው። 168,000 ÷ 30.05 = 5,590 ሞል አየር ይሆናል። ከዚህ 0.934 በመቶው አርጎን ስለሆነ በ0.00934 ሲባዛ 52.2 ሞል ይገኛል። 52.2 × 39.95 = 2,086 ግራም ነው፤ የአቶሞቹም ብዛት 3.14 × 10²⁵ ይሆናል። ማንም ሳያየውና ሳያሸተው በእያንዳንዱ እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ ከሁለት ኪሎ ግራም በላይ አርጎን አለ ማለት ነው።

0.934 በመቶው የደረቅ አየር መጠን መሆኑን መርሳት አይገባም። በ25 ዲግሪ አየሩ ግማሽ እርጥበት ቢኖረው የውኃው ተን ብቻውን 1.6 ኪሎ ፓስካል ያህል ግፊት ይይዛል። ጥንቃቄ የሚሻ ሰው ይህን ከ82.5 ቀንሶ በ80.9 ይሥራ፤ የአርጎኑ መጠን በሁለት በመቶ ገደማ ዝቅ ይላል። መስኮቱ ተከፍቶ ለሚሠራ የክፍል ልምምድ ይህ እርማት ከሜትሩ ስሕተት የማይበልጥ ስለሆነ ቢተውም አያስወቅስም።

የብየዳ ሲሊንደር

አልሙኒየምና አይዝጌ ብረት በሚበየድባቸው ወርክሾፖች አርጎን ብየዳ የተለመደ ነው። አርጎኑ በጋለው ብረት ዙሪያ ሆኖ ኦክስጅንን ያርቃል፤ ራሱም ከብረቱ ጋር አይዋሐድም። ውስጣዊ ይዘቱ 50 ሊትር በሆነ ሲሊንደር ላይ የተገጠመው የግፊት ጌጅ 150 ባር ያሳያል እንበል። አንድ ባር 100 ኪሎ ፓስካል ስለሆነ ይህ 15,000 ኪሎ ፓስካል ነው። ጌጁ የሚያሳየው ግን ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጪው አየር በምን ያህል እንደሚበልጥ ነው፤ እውነተኛውን ግፊት ለማግኘት የአካባቢውን 82.5 መደመር ያስፈልጋል። 15,082.5 × 50 ÷ 2,479 = 304.2 ሞል ይሆናል፤ ክብደቱም 12.15 ኪሎ ግራም ነው።

ጌጁ ዜሮ ላይ ሲደርስ ሲሊንደሩ ባዶ አይደለም። ከውጪው አየር ጋር እኩል ግፊት ያለው አርጎን በውስጡ ይቀራል፦ 82.5 × 50 ÷ 2,479 = 1.66 ሞል፣ ወይም 66 ግራም። ስለዚህ ለሥራ የሚወጣው 302.6 ሞል ሲሆን፣ በሐዋሳ አየር ግፊት 9,091 ሊትር ይሆናል። ብዙ ባለሙያዎች የሲሊንደሩን ሊትር በባሩ አባዝተው 7,500 ሊትር ይላሉ፤ ያ አኃዝ ወደ አንድ ባር፣ ማለትም ወደ ባሕር ጠለል ግፊት አካባቢ የተሰላ ስለሆነ ነው ከዚህ የሚያንሰው። የአቶሞቹ ብዛት በሁለቱም አቆጣጠር ያው ነው፤ ጋዝ ሲገዛና ሲነጻጸር በኪሎ ግራም ወይም በሞል መነጋገር የሚሻለውም ለዚህ ነው።

በ150 ባር ላይ አርጎን ሙሉ በሙሉ እንደ ሐሳባዊ ጋዝ አይሆንም። አቶሞቹ ተቀራርበው በመጠኑ ስለሚሳሳቡ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ትክክለኛ መጠን ከስሌታችን በጥቂት በመቶ ይበልጣል።

ስለ ደኅንነት አንድ ነገር ሳይነገር አይታለፍም። በዚህ ግፊትና ሙቀት የአርጎን እፍጋት 39.95 ÷ 30.05 = 1.33 ግራም በሊትር ሲሆን፣ የአየር እፍጋት ደግሞ 28.96 ÷ 30.05 = 0.964 ግራም በሊትር ነው። አርጎን ከአየር ስለሚከብድ በጉድጓድ፣ በታንከርና በዝግ ክፍል ወለል ላይ ይጠራቀማል፤ ሽታም ቀለምም ስለሌለው ኦክስጅኑን ገፍቶ ማስወጣቱን ሰው አያስተውልም። በታንከር ውስጥ የሚበይድ ሰው አየር ማስገቢያና ውጪ የሚጠብቀው ባልደረባ ሳይኖር መግባት የለበትም።

የሂሊየም ፊኛም በዚሁ መንገድ ይሰላል። የሂሊየም እፍጋት 0.133 ግራም በሊትር ስለሆነ እያንዳንዱ ሊትር 0.831 ግራም ያነሣል፤ አሥር ሊትር ፊኛ 8.3 ግራም፣ የፊኛውን የራሱን ክብደት ጨምሮ። በባሕር ዳርቻ ከተማ፣ በዚያው ሙቀት፣ ያው ፊኛ 10.2 ግራም ያነሣ ነበር።

ባሕርያቸውን ከቁጥሮቻቸው ማንበብ

የኖብል ጋዞች ከሌላ ንጥረ ነገር ጋር በቀላሉ አለመዋሐድ የሚመጣው ከውጪኛው ቅርፊት ሙሉነት ነው፤ በሂሊየም ሁለት፣ በሌሎቹ ስምንት ኤሌክትሮኖች። ከእያንዳንዱ አቶም አንድ ኤሌክትሮን ለመንቀል የሚያስፈልገውን ኃይል በኪሎ ጁል ለሞል ብናስቀምጥ፣ ሂሊየም 2,372፣ ኒዮን 2,081፣ አርጎን 1,521፣ ክሪፕተን 1,351፣ ዜነን 1,170 ይሆናል። ወደ ታች ስንወርድ ውጪኛው ኤሌክትሮን ከኒውክለሱ ስለሚርቅ ኃይሉ ይቀንሳል። በዚህም ምክንያት «ኖብል ጋዝ ፈጽሞ አይዋሐድም» የሚለው አባባል በ1962 እ.ኤ.አ. ፈርሷል፤ ኒል ባርትሌት የተባለው ኬሚስት በካናዳ ዜነንን ከፕላቲኒየም ሄክሳፍሎራይድ ጋር አዋሕዶ ውሑድ አገኘ። ፕላቲኒየም ሄክሳፍሎራይድ ከኦክስጅን ሞለኪውል ላይ ኤሌክትሮን መንጠቅ እንደሚችል አስቀድሞ ስላወቀና የዜነንም የኤሌክትሮን መንቀያ ኃይል ለኦክስጅኑ ቅርብ ስለነበር፣ ሙከራው በቁጥር ንጽጽር ላይ የቆመ ነበር።

የሚፈሉበት ሙቀት በተቃራኒው ወደ ታች ሲኬድ ይጨምራል፦ በባሕር ጠለል ግፊት ሂሊየም በ−268.9፣ ኒዮን በ−246.1፣ አርጎን በ−185.8፣ ክሪፕተን በ−153.4፣ ዜነን በ−108.1 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈላሉ። ኤሌክትሮን የበዛበት አቶም የኤሌክትሮን ደመናው በቀላሉ ስለሚዛባ ከጎረቤቱ ጋር በርታ ብሎ ይሳሳባል። የአየር ፋብሪካዎች አርጎንን የሚለዩት አየሩን ወደ ፈሳሽነት ካቀዘቀዙ በኋላ በዚህ የፍላት ልዩነት ነው።

የግማሽ በመቶ ልዩነት

የፊዚክስ ሊቁ ሎርድ ሬይሊ የናይትሮጅንን እፍጋት ሲለካ፣ ከአየር ሌሎቹን ጋዞች አስወግዶ ያገኘው ናይትሮጅን በሊትር 1.257 ግራም፣ ከኬሚካል ውሑዶች ያወጣው ደግሞ 1.2505 ግራም ገደማ ሆነበት። ልዩነቱ ግማሽ በመቶ ያህል ብቻ ነው። ሬይሊና ዊልያም ራምሴ ነገሩን ተከታትለው በ1894 እ.ኤ.አ. አርጎንን አስታወቁ፤ በ1904 ሬይሊ በፊዚክስ፣ ራምሴ በኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ይህን እርስዎም በወረቀት ላይ ማረጋገጥ ይችላሉ። አየር 78.08 በመቶ ናይትሮጅን ስላለው፣ ከናይትሮጅንና ከአርጎን ድብልቅ ውስጥ የአርጎኑ ድርሻ 0.934 ÷ 79.01 = 1.18 በመቶ ነው። አርጎን ከናይትሮጅን በሞል 11.94 ግራም ይበልጣል፤ 11.94 × 0.0118 = 0.141። ይህ በ28.01 ላይ ሲደመር 28.15 ይሆናል፤ ጭማሪው ግማሽ በመቶ ነው።

ከቋጥኝ ውስጥ አርጎን መቁጠር

ሐዋሳ ያለችበት የስምጥ ሸለቆ በእሳተ ገሞራ ዐለቶች የተሞላ ነው፤ እነዚህም ዐለቶች ፖታሲየም አላቸው። ከፖታሲየም አቶሞች 0.0117 በመቶው ፖታሲየም 40 ሲሆን፣ ግማሽ ዕድሜው (ከአቶሞቹ ግማሹ የሚፈራርስበት ጊዜ) 1.25 ቢሊዮን ዓመት ነው፤ ከሚፈራርሱት ከመቶ 11 ገደማው አርጎን 40 ይሆናል፣ የቀረው ካልሲየም 40። በአየር ውስጥ ያለው አርጎን በአብዛኛው የመጣው ከዚህ ነው። ትኩስ ላቫ ሲቀልጥ በውስጡ የነበረውን አርጎን ይለቃል፤ ከጠጠረ በኋላ ግን አዲስ የሚፈጠረው በማዕድኑ ውስጥ ስለሚታሰር፣ መጠኑ የዐለቱን ዕድሜ ይናገራል።

አንድ ግራም ፖታሲየም የያዘና አንድ ሚሊዮን ዓመት የሆነው ዐለት ይውሰዱ። 1 ÷ 39.10 = 0.02558 ሞል፣ ማለትም 1.54 × 10²² አቶሞች ነው። ከዚህ ፖታሲየም 40 የሆኑት 1.80 × 10¹⁸ ናቸው። በዓመት የሚፈራርሰውን ድርሻ ለማግኘት 0.693ን ለ1.25 ቢሊዮን ያካፍሉ፤ 5.5 × 10⁻¹⁰ ይሆናል። በአንድ ሚሊዮን ዓመት 1.0 × 10¹⁵ ያህል አቶሞች ይፈራርሳሉ፤ ከእነዚህም 1.1 × 10¹⁴ የሚሆኑት አርጎን ይሆናሉ። ወደ ሞል ሲለወጥ 1.8 × 10⁻¹⁰፣ በሐዋሳ አየር ግፊትና በ25 ዲግሪ ደግሞ 0.0000055 ሚሊ ሊትር ነው። እንዲህ ያለውን ኢምንት ጋዝ ማስ ስፔክትሮሜትር በተባለ መሣሪያ መለካት ይቻላል። በ1974 እ.ኤ.አ. በአፋር ሐዳር ለተገኘችው ሉሲ የሚጠቀሰው 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ የመጣውም፣ ከቅሪተ አካሉ ጋር በተያያዘ የእሳተ ገሞራ አመድ ንብርብር ውስጥ ያለውን አርጎን በዚህ ዘዴ በረቀቀ መልኩ፣ አርጎን 40ን ናሙናው በኒውትሮን ሲመታ ከፖታሲየሙ ከሚፈጠረው አርጎን 39 ጋር በማነጻጸር፣ በመለካት ነው።